ሳይጠራ የመጣው ወሬ ነጋሪ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ዘይነብ ስልኳን ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ከመተማ የደወለች አንዲት የኮምፒውተር ተማሪዋ ስታማርር ሰማሁ። «መምህርት፣ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ብቻ እኮ ነው የጫንኩት። የደብዳቤ መላኪያውን ሁሉ ጎትታ አመጣችብኝ። እኔ ደብዳቤ ምን ያደርግልኛል?» አለቻት። ዘይነብ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሳቀችና «ቆይ፣ እናቴ ታስረዳሽ» አለች። ልጅቷ ቀልድ መስሏት አብራ ሳቀች። እኔ ግን ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ወደ ስልኩ ተጠጋሁና አስረዳኋት። ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ግን ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። ያወቅሁትም ልጄ ከሥራዋ ልትባረር፣ ስሟም ሊጠፋ ሦስት ቀን ብቻ በቀረበት ጊዜ ነው።

ያን ጊዜ እዚሁ ገዳሪፍ፣ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ነበር የምንኖረው። ዛሬ አስፋልት የሆነው መንገድ ያኔ ክረምት ሲገባ ጥቁር ጭቃ ስለነበር፣ ሰፊንጃ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነበር የምንሻገረው። ሰሊጥ የጫኑ ሎሪዎች ሲያልፉ ፍሬው ከጆንያው ቀዳዳ እየተንጠባጠበ መንገዱን ያነጣዋል፤ ዶሮዎቹ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ ተሰልፈው ይለቅማሉ። ሴቱ የሚለብሰው ቶብ በየዓመቱ አዲስ ስም ይወጣለት ነበር። አንዱ ዓመት የሙሽራ እንባ፣ ሌላው ዓመት የጎረቤት ቅናት ይባላል። እኔ አንድም ዓመት በጊዜው አልደረስኩበትም፤ የጎረቤት ቅናትን የገዛሁት ጎረቤቶቼ ከጣሉት በኋላ ነው። የካሴት ሻጩ ከማለዳ ጀምሮ አንድ ካሴት እያገላበጠ ያጫውታል፤ መብራት ሲጠፋ ዘፋኙ ከመሃል ቃል ላይ ይቆማል፣ እኛ ደግሞ ቀሪውን ከአፉ ተቀብለን እንጨርስለታለን። አሁን ሁሉም በየጆሮው ሽቦ ሰክቶ ለብቻው ነው የሚሰማው፤ መብራት ቢጠፋ ማን ያውቅለታል?

ከካሴት ሻጩ ቀጥሎ የሐጅ ኢድሪስ ኔት ቤት ነበር። ሐጅ ጎንደር ተወልደው ሱዳን ያረጁ፣ ብጣሽ ጨርቅ በመሸጥ ጀምረው ሱቅ የከፈቱ ደግ ሰው ናቸው። ደግነታቸው ግን እንደ ፍየል ነው፤ ትንሽ ኮሽ ካለ ይደነብራል። ቤቱ ውስጥ ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ፣ አንድ ጭንቅላቱን የሚያዞር ቬንቲሌተር ነበረ። ሰው መታወቂያውን፣ የስደተኛ ካርዱን፣ የልጁን የልደት ወረቀት ያስገለብጣል፤ ጉርድ ፎቶ ይነሳል፤ ባሕር ማዶ ካለ ወንድሙ ጋር ያወራል። እኔ በሩ ላይ ጣሚያ የሚሉትን የሽምብራ ጥብስ እየጠበስኩ በዳቦ እሸጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር ጣሚያውን የትም ልሸጠው እችል ነበር። እዚያ የተቀመጥኩት ልጄን እንዳያት ነው።

ዘይነብ ፎቶ ኮፒ በማንሳት ነው የጀመረችው። ኮምፒውተሮቹ ግን በየሳምንቱ ይታመሙ ነበር። ሰው ሁሉ ፍላሹን ከየትም አንከርፍፎ ያመጣል፣ በፍላሹ ቫይረስ ይገባል ትለኛለች። እኔ በሽታው በእጅ የሚተላለፍ መስሎኝ ጓንት ካልገዛሁልሽ ብዬ ስንት ቀን አስቸግሬአታለሁ። በኋላ ካርቱም የተማረች ጓደኛዋ ሊኑክስ የሚባል አንድ ሲዲ ሰጠቻት። ይህ በነፃ የሚሰጥ፣ በሽታ የማይደፍረው የኮምፒውተር ጠባይ ነው ብላ ስድስቱንም በዚያ ቀየረቻቸው። እውነትም መታመማቸውን ተዉ። ከሁሉ የሚበልጠውን ማሽን ደግሞ የሰው ፎቶና ወረቀት ሁሉ የሚቀመጥበት ጎተራ አደረገችው። «ሁለት ሃርድ ዲስክ መንታ አድርጌ አስሬበታለሁ እማ፤ አንዱ የሚያውቀውን ሌላውም ያውቃል። አንዱ ቢሞት ምንም አይጠፋም» አለችኝ። ወረቀቱ በጎርፍ የሄደበት፣ በእሳት የተበላበት ሰው ስንቱ ነው መጥቶ «ያ ያስገለበጥኩት አለ ወይ?» ብሎ ከዚያ ጎተራ ያገኘ። እናት ነኝና ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፤ ደስ ባለኝ ቁጥርም እፈራለሁ። ልጅ ሲመሰገን ዓይን ይበዛበታል።

ዓይኑም አልዘገየም። ባቢክር የሚባል ማተሚያ የሚጠግን የገበያ ሰው ነበር፤ ከዘይነብ በፊት ኮምፒውተሮቹን በየሳምንቱ የሚያክመው እሱ ስለነበር ሕመምተኞቹ መዳናቸው ብዙም አላስደሰተውም። አንድ ረቡዕ ማተሚያ ሊጠግን መጥቶ፣ ዘይነብ ለምሳ በወጣችበት በትልቁ ማሽን ላይ የተጫነውን ዝርዝር ሲያይ ቆየና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ያ ሐጅ! ይህ ምንድነው? ማሽንህ ውስጥ እኮ ቦስታ አለ!»

«ምን ቦስታ?» አሉ ሐጅ።

«ፖስታ ቤት! ደብዳቤ ተቀብሎ የሚልክ። የፎቶ ኮፒ ቤት ፖስታ ቤት ምን ያደርግለታል? ወላሂ ይህን ያስገባ ሰው የሚጽፍለት ሰው አለው። ዛሬውኑ ይጥፋ!»

እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ጣሚያው አሮ ጠቆረብኝ። ሐጅ ወደ ውጭ ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። የድንበር ከተማ ናት፤ ማን ለማን ጻፈ፣ የማን ወረቀት የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መቼም አይጠፋም። እሳቸው ዘንድ ደግሞ የከተማው ግማሽ ወረቀት አለ። ከመጥበሻዬ አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«ኡም ዘይነብ» አሉኝ፣ የዘይነብ እናት ማለታቸው ነው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጅሽን እንደ ልጄ ነው የማያት። ግን የማላውቀው ነገር ቤቴ ገብቷል። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን ሳንከፍት፣ ባቢክርም ባለበት፣ ለምን እንዳስገባችው ትንገረኝ። ካልነገረችኝ ቁልፉን ታስረክበኝ። እኔም ለጠየቀኝ ሰው ያስወጣኋት ለዚህ ነው እላለሁ።»

«ሐጅ፣ ልጄ የሰው ደብዳቤ አትነካም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ማወቄ ግን ለሰው መልስ አይሆንም።»

ለሰው መልስ አይሆንም ያሉት ነገር ነው ያቃጠለኝ። ሥራስ ይገኛል፤ ጣሚያ ሁለት ሆነን እንጠብሳለን። በገዳሪፍ «የሰው ወረቀት አሳልፋ ስትሰጥ ተይዛ ተባረረች» የተባለች ልጅ ግን የት ትገባለች? ማንስ መታወቂያውን ያምናታል?

ለዘይነብ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች። «እማ፣ እኔ እኮ አልጠራሁትም! እኔ የጠራሁት ዘበኛውን ነው። መንታዎቹን ዲስኮች እያየ የሚጠብቅ አንድ ትንሽ ፕሮግራም። እሱ ሲመጣ ቦስታውን አስከትሎ መጣ። ቦስታው እንደመጣ ለይስሙላ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ እዚሁ ውስጥ ብቻ ሥራ፣ ወደ ውጭ አትውጣ አልኩት። ኻላስ፣ በቃ! ከዚያ ረሳሁት። አሁን ሄጄ አጠፋዋለሁ።»

«ቆይ» አልኳት። «ካጠፋሽው ዘበኛው ይሄዳል?»

«አይሄድም። እሱ ነው የገረመኝ። አንድ ፕሮግራም ሲመጣ ሁለት ዓይነት ጓደኛ አለው እማ። አንደኛው ‹ያለ እሱ አልመጣም› የሚለው ነው። ሁለተኛው ‹ከእሱ ጋር ብመጣ ይሻላል› የሚለው ነው። ቦስታው ሁለተኛው ነው። ማሽኑ ግን ካልከለከልሽው ሁለቱንም ይጠራል።»

ከዚያ፣ ራሴም ሳላስበው፣ «ወሬ ነጋሪ ነዋ!» አልኳት።

«ምንድነው ወሬ ነጋሪ?» አለች። እዚህ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ቤት ውስጥ የሰማችውን ያህል ነው።

ዶካ በምትባለው የሰሊጥ አገር ከአባቷ ጋር በነበርንበት ጊዜ፣ እሷ ገና ሳትወለድ፣ ለሳሉግ ወጥ እሠራ ነበር። ሳሉግ የምንላቸው ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱትን የቀን ሠራተኞች ነው። የእርሻው ወኪል አሥር አጫጅ ሲጠራ አሥራ ሁለት ሰው ይመጣበታል። «አሥር አልኩ እንጂ!» ብሎ ይጮሃል። አለቃቸው ተረጋግቶ ይመልስለታል። «አሥሩ አጫጆች ናቸው። ይህ ውኃ ቀጂ ነው፣ ያለ እሱ አንመጣም፤ በረሃው ይጨርሰናል። ያኛው ደግሞ ወሬ ነጋሪ ነው።» ወሬ ነጋሪው ብዙ ጊዜ እግሩ ፈጣን፣ መንገድ የሚያውቅ፣ ከሁሉም ጋር የአገር ልጅ የሆነ ሰው ነው። እሱም ያጭዳል፤ ዋና ሥራው ግን አንድ ሰው ቢታመም፣ እባብ ቢነድፈው፣ ቢሞት፣ ማጭዱን ጥሎ ወደ አገር ቤት ቃሉን ማድረስ ነው። ደህና ከሆኑ ሥራ የለውም። ወኪሉም ያ ነበር የሚያናድደው። «የሚበላ አፍ ነው» ይላል። አንዳንዱ ቡድን በወኪሉ ጭቅጭቅ ይረታና ያለ ወሬ ነጋሪ ይገባል። ይቻላል እኮ፤ ሰሊጡ ይታጨዳል።

የዘይነብ አባት ወደ መፋዛ በኩል የገባው እንደዚያ ካለ ቡድን ጋር ነው። ሆዴ ውስጥ ነበረች። አጨዳው በተጀመረ በሳምንቱ ወባ ጣለው፣ በሦስተኛው ቀን ሞተ። እኔ የሰማሁት አጨዳው አልቆ፣ ሰሊጡ ተወቅቶ፣ ሰዎቹ ሲመለሱ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ መካከል ሁለት ሸሚዝ አጥቤ፣ ቁልፍ ተክዬ፣ በሎሪ ሹፌር እጅ ልኬለት ነበር። እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። የሚልኩት ሰው አልነበራቸውም እንጂ። ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት፤ ልጄ እስከ ገበያ ስትሄድ እንኳ ማን ጋር ነሽ፣ ብትወድቂ ማን ይነግረኛል የምለው። ዘይነብ በዚህ ነገር ስትስቅብኝ ነው ያደገችው። የዚያን ቀን ግን አልሳቀችም።

«ስለዚህ ዘበኛው ያየውን የሚናገርበት ሰው ይዞ ነው የመጣው» አለች ቀስ ብላ።

«ዘበኛ አይቶ ዝም ካለ ምን ይጠቅማል? የሠሩት ሰዎች አስተዋዮች ናቸው» አልኳት። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። «ልጄ፣ ወሬ ነጋሪው ከመጣ ወዲህ የተናገረው የለም?»

ዘይነብ አየችኝ። «አላየሁም» አለች። «ደብዳቤው ‹የማሽኑ ባለቤት› ለሚል ስም ነው የሚጻፈው። በዚያ ስም ደግሞ ገብቶ ሳጥኑን የሚከፍት ሰው የለም። እኔም በራሴ ስም ነው የምሠራው።»

ቅዳሜ እስኪነጋ እንዴት እንደቆየሁ አልናገርም። ጠዋት ሐጅ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ባቢክር መፍቻውን ይዞ፣ እኔ ጣሚያዬን ሳልጥድ ቆመናል። ዘይነብ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። በዓረብኛ ለባቢክር፣ በአማርኛ ለሐጅ እያደረገች እኔ የነገርኳትን፣ ስለ አሥሩ አጫጅና ስለ ሁለቱ ትርፍ ሰዎች ነገረቻቸው። ሐጅ ጢማቸውን ያዙ። እሳቸውም የቆላ አጨዳ ያውቁታል።

ባቢክር ግን «ተረት ነው» አለ። «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ደብዳቤ ከላከ የታለ ደብዳቤው?»

«አሁን አብረን እናየዋለን» አለች። «እኔም አላየሁትም። በእናንተ ፊት ልክፈተው ብዬ ነው ሳልነካው የቆየሁት።»

ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቅ በሰው ፊት መክፈት! እኔ ብሆን ቀድሜ አይቼ፣ የሚጎዳኝን ደብቄ፣ የሚጠቅመኝን ነበር የማሳይ። እሷ አባቷን ነው የመሰለችው።

ከፈተችው። ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ወረደ፤ አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ ከላይ እስከ ታች። ዘይነብ የመጀመሪያውን አነበበች፣ የመጨረሻውን አነበበች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምን ይላል?» አሉ ሐጅ።

«ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ከመንታዎቹ አንዱ ወድቋል ይላል። መብራት እየሄደ እየመጣ ካስቸገረን ሰሞን ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ አንድ ጽፏል።»

«ከዝብ!» አለ ባቢክር። ውሸት ማለቱ ነው። «ማሽኑ እኮ ደህና ይሠራል፣ አይታችሁታል!»

«አንዱ መንታ ብቻውን ተሸክሞት ነው። ክዳኑን ክፈተው» አለችው።

ማሽኑን አጥፍታ ባቢክር በመፍቻው ፈታ። ሁለት ጥቁር ብረት፣ እንደ ሁለት ሳሙና ጎን ለጎን። አንዱን ነካና እጁን መለሰ፤ ይሞቃል። ሌላውን ነካ። ቆየበት። ከዚያ ዞር ብሎ ቦታውን ለእኔ ለቀቀ። እኔም እጄን አደረግሁበት። ማለዳ ከደጅ እንዳደረ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ሐጅ «ሁለተኛውስ ቢሞት?» አሉ።

«የሰው ወረቀት ሁሉ ያልቃል። አንድም አይተርፍም» አለች ዘይነብ። ከወንበሯ ተነሥታ ፊት ለፊታቸው ቆመች። «ሐጅ፣ ቦስታውን ሰው ለመሰለል አላስገባሁትም፤ ይህን አይታችኋል። ግን ጥፋት አለብኝ። ዘበኛ ቀጥሬ የሚለውን ሳልሰማ ይህን ያህል ቀን ተቀምጫለሁ። ይህ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም።»

«ሰማህ ሐጅ? ራሷ አመነች!» አለ ባቢክር።

ሐጅ ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ረቡዕ ዕለት ምን አልከኝ? ዛሬውኑ ይጥፋ አላልከኝም? አጥፍተነው ቢሆን ማን ይነግረን ነበር፣ አንተ? ባቢክር፣ መፍቻህን ሰብስብ። ማተሚያውን ለመሥራት ስትመጣ ግን ና፤ ቂም የለኝም።» ከዚያ ጠዋት ከዘይነብ የተቀበሉትን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ለእሷ አልሰጧትም፤ ለእኔ ነው የሰጡኝ። «ኡም ዘይነብ፣ አሁን ካልሰጠሁሽ እንደገና እደነብራለሁ» አሉኝ። በዚያ ጭንቀት መካከል ሳቅ አመለጠኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ነገር ነው። አዲሱ ዲስክ ከካርቱም በአውቶቡስ እስኪመጣ ዘይነብ ማሽኑን ከማብራት ታቀበች። ሲመጣ ሹፌሩ በራሱ ጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ነበር ያቀፈው። አስገብታ ስታበራው፣ በሕይወት ያለው መንታ ለአዲሱ የሚያውቀውን መንገር ጀመረ። እኔ ጣሚያዬን ለጎረቤት አደራ ብዬ ገብቼ ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር እያየሁ አንዲት ጸሎት ስንት ጊዜ እንደደገምኩ አላህ ያውቃል። ከከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት በፊት አለቀ። አንድም ወረቀት አልጠፋም።

አንድ ሥራ ብቻ ቀርቶ ነበር። «ከእንግዲህ ደብዳቤው ለማን ይጻፍ?» አለች ዘይነብ። «ሐጅ፣ ማሽኑ የእርስዎ ነው፤ ለእርስዎ ላድርገው?»

ሐጅ እጃቸውን አወናጨፉ። «እኔ ሰምቼ ምን ላደርግ? መደንገጥ ካልሆነ በቀር። ወሬ የሚነገረው ሰምቶ ለሚነሣው ሰው ነው። ለሚነሣው ሰው ይጻፍ።»

ዘይነብ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። ቀጥላም ዘበኛውን ሞክር ብላ አዘዘችው፤ ወዲያው ደብዳቤ መጣ። ከፍታ አነበበችልን። ይህ ሙከራ ነው፣ የሆነ ነገር የለም የሚል ነው።

«የሆነ ነገር ከሌለ ለምን ጻፈ?» አሉ ሐጅ፣ እየሳቁ ወደ ደንበኛቸው ሄዱ።

እኔ ከስክሪኑ ፊት አልተነሣሁም። ጽሑፉ የፈረንጅ ፊደል ነው፣ አላነበውም። «የቱ ጋ ነው ለማን እንደተጻፈ የሚለው?» አልኳት። ከላይ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አደረገች። ጣቷን በቀስታ አንሥቼ ከሥሩ ያለውን አየሁት። «ስሜ ነው» አለችኝ። ስድስት ፊደል ነው። ቆጥሬዋለሁ።